ጅማ ላይ ኮምፒውተር፦ የተዘጋጀ መግዛት ወይስ ማስገጣጠም?

ለቢሮ ጽሑፍ፣ ለኤክሴልና ለኢንተርኔት ከሆነ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ የሚባል የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) እና 16 ጊጋባይት ራም ካለው ሌላ ልፋት አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ላሻሽለው ሲባል ነው። ትንሹ ኬዝ (ሳጥኑ) ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭር ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣውን ክፍል) ብቻ ይቀበላል፤ ካርዱም ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ሰሌዳ) ከሚያገኘው 75 ዋት በላይ መጠየቅ የለበትም። ብዙዎቹ የዴል ሞዴሎች መደበኛውን ባለ 24 ፒን ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪ) ስለማይወስዱ፣ ሲቃጠልም ከገበያ ባገኙት መተካት አይቻልም።

ለአውቶካድና ለቪዲዮ ሥራ ግን መገጣጠም በጣም ይሻላል። ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለው ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስላለው ለጊዜው ያለ ካርድ ይሠራል። ግራፊክሱ የሚበደረው ከራሙ ነውና አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ግዙ፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ማዘርቦርዱ አራት የራም ቦታ ካለው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ይሰካሉ። ቢ450 ማዘርቦርድ ከመረጣችሁ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) መታደሱን አረጋግጡ፤ አሮጌው ባዮስ ይህን ፕሮሰሰር አያውቀውም፣ ስክሪኑም ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ፋኑ እየዞረ ምስል ከሌለ በፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚገባውን ባለ 8 ፒን ገመድ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ሳይጫን እዚያው ይብራና ይታይ፤ ለመመለስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ከፕሮሰሰሩ ቀንሳችሁም ቢሆን ደህና ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ግዙ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመታው ርካሹን ፓወር ሰፕላይ ነው።