ኦፒኔል ቁጥር 8፦ ስለቱ የሚያስመሰግን፣ እጀታው ጥንቃቄ የሚፈልግ ሰንጢ

ስለቱ 8.5 ሴንቲሜትር፣ የቢች እንጨት እጀታው 11 ሴንቲሜትር ግድም፣ ክብደቱ 45 ግራም አካባቢ ነው፤ ኪስ ውስጥ መኖሩ አይታወቅም። ይህ ሳቯ ከተባለው የፈረንሳይ አካባቢ የመጣ ሰንጢ ከ1890 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። ስለቱን የሚቆልፈው ዟሪ ቀለበት የመጣው ግን በ1955 ነው። ቀለበቱን ሳትቆልፉ አትቁረጡበት፤ ስለቱ ጣት ላይ ይታጠፋል።

ስለቱ ስስ በመሆኑ ቲማቲም ሳይጨፈልቅ ይቆርጣል። ቆርኪ ለመፈንቀል ከተጠቀማችሁበት ጫፉ ይሰበራል። ስለቱ በሁለት ዓይነት ብረት ይመጣል፦ ካርቦንና የማይዝግ። የካርቦኑ ብረት በድንጋይ ቶሎ ይሳላል፤ ሎሚ ቆርጣችሁ ሳታጥቡት ከተዋችሁት ይጠቁራል። መጥቆሩ አይጎዳውም፤ የሚያሳስበው እርጥብ ሲያድር የሚመጣው ቀይ ዝገት ነው። ለፍራፍሬና ለወጥ ቤት የማይዝገውን ግዙ፣ ካርቦኑ እንጨት ለሚቀርጽ ይሁን።

ዋናው ጣጣ እጀታው ነው። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና መገጣጠሚያው ላይ ስለቱን ጨምቆ ይይዛል። በጥፍር አትታገሉት። ቀለበቱን ወደ መክፈቻው አዙሩና የእጀታውን ጫፍ (የስለቱ ሹል በተሸሸገበት በኩል) ጠረጴዛ ላይ ጠቅ አድርጉት፤ ስለቱ ብቅ ይላል። የሳቯ ሰዎች የሚታወቁበት መላ ይህ ነው። በዚሁ ምክንያት ለጥሬ ሥጋ አንመክረውም፦ ስብና ደሙ ስለቱ የሚታጠፍበት የእጀታው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ እሱን ለማውጣት ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፣ ውኃው ደግሞ እንጨቱን ያሳብጣል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥማ ፈጽሞ እንዳታስገቡት።

መከላከያው የተልባ ዘይት ነው። ሰንጢው አዲስ ሳለ፣ ደርቆ እያለ፣ ጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነክራችሁ መገጣጠሚያውንና ስንጥቁን በስሱ ቀቡ። ስለቱን ደጋግማችሁ አጥፉት፣ ዘርጉት። ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረጉና ተከፍቶ ጥቂት ቀናት ይድረቅ፤ 3 ጊዜ ድገሙት። አብዝቶ መቀባት ሙጫ ሆኖ ያጣብቀዋል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ፣ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ብሪታንያ ላላችሁ አንድ ነገር፦ ስለቱ ስለሚቆለፍ ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል።