ሳፖርትስ፣ ሞደርናይዘር ወይስ ዩዘር ኤጀንት? የብራውዘርን አቅም መለያ መንገዶች ንጽጽር

ብራውዘሩ አንድን የገጽ ኮድ መቻል አለመቻሉን የምንለይባቸው እነዚህ መንገዶች ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ልዩነታቸው ገጹ ላይ በሚጨምሩት ክብደትና ኋላ በሚበሉት የጥገና ጊዜ ነው።

ከሁሉ የማልመክረው ዩዘር ኤጀንትን፣ ማለትም ብራውዘሩ ራሱን ለድረ ገጹ የሚያስተዋውቅበትን ጽሑፍ፣ ማንበብን ነው። የክሮም ዩዘር ኤጀንት ውስጥ «ሞዚላ»ም «ሳፋሪ»ም አለ። አይፓድኦኤስ 13 በ2019 ከወጣ ወዲህ ደግሞ አብዛኞቹ አይፓዶች ላይ ያለው ሳፋሪ ካልቀየሩት በስተቀር ራሱን ማክ ብሎ ያስተዋውቃል። አንድ ብራውዘር ላይ ብቻ ለሚታይ የታወቀ ባግ፣ ሌላ መላ ሲጠፋ ግን እኔም እጠቀምበታለሁ።

ለሲኤስኤስ (የገጹን መልክ ለሚወስነው ኮድ) የመጀመሪያ ምርጫዬ ሳፖርትስ (@supports) ነው፤ ብራውዘሩ የተጠየቀውን ከቻለ ብቻ በውስጡ ያለውን ስታይል የሚያሠራ የሲኤስኤስ ብሎክ ነው። የሚወርድ ፋይል የለውም፣ ጃቫስክሪፕትም አይፈልግም። ክሮምና ፋየርፎክስ በ2013፣ ሳፋሪ በ2015 ተቀብለውታል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አያውቀውም፤ ብሎኩን እንዳለ ይዘለዋል። ስለዚህ ለአሮጌ ብራውዘር የሚሆነውን ስታይል ከብሎኩ ውጭ፣ ቀድማችሁ ጻፉት።

ሳፖርትስ ግን የሚነግራችሁ ብራውዘሩ ኮዱን ማንበብ መቻሉን እንጂ በትክክል መሥራቱን አይደለም። ጋፕን፣ ማለትም በኤለመንቶች መካከል ክፍተት የሚሰጠውን የሲኤስኤስ ትእዛዝ፣ እንይ። ሳፋሪ ጋፕን መጀመሪያ የተቀበለው ለግሪድ (በረድፍና በዓምድ ለሚደረድረው) ነው፤ ለፍሌክስቦክስ (በአንድ አቅጣጫ ለሚደረድረው) የመጣው በ14.1፣ በ2021 ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቨርዥኖች «ጋፕ ትችላለህ?» ብትሉት «አዎ» ይላል፣ ፍሌክስ ውስጥ ያሉት ካርዶች ግን ተጣብቀው ይታያሉ።

እዚህ ላይ መለካት ይሻላል። በጃቫስክሪፕት ወደ ታች የሚደረድር ፍሌክስ ዲቭ (ሳጥን) ፍጠሩ፣ ሁለት ባዶ ዲቮች ክተቱበት፣ በመካከላቸው የ1 ፒክስል ጋፕ ስጡና ገጹ ላይ አስገብታችሁ የስክሮል ቁመቱን (scrollHeight፣ የይዘቱን ሙሉ ቁመት) አንብቡ። 1 ከሆነ ይሠራል፤ 0 ከሆነ አይሠራም። ከዚያ ዲቩን አጥፉት። ለጃቫስክሪፕት ኤፒአይ (ብራውዘሩ ለኮድ ለሚያቀርበው አገልግሎት) ግን ይህን ያህል ልፋት የለም፤ ስሙ ዊንዶው በሚባለው የብራውዘሩ ኦብጀክት ውስጥ መኖሩን ማየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሞደርናይዘር፣ የ2009ኙ አንጋፋ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ እንዲህ ዓይነት ቴስቶችን ሰብስቦ ውጤቱን ኤችቲኤምኤል ኤለመንቱ ላይ በክላስ (ስታይል በሚያያዝበት ስም) ይለጥፋል። የፍሌክስ ጋፑም ቴስት አለው። ለአንድ ሁለት ፊቸር ብላችሁ አታስገቡት። ቴስቶቹ ከበዙባችሁ ግን የምትፈልጉትን ብቻ መርጣችሁ የራሳችሁን ቢልድ (ቅጂ) አውጡ፤ ሙሉውን የሚጭን ሰው ለማይጠይቀው ጥያቄ ሁሉ መልስ እያስጠበቀ ገጹን ያዘገያል።