«ይሄን አልሸጥልህም» ያለችኝ እባብ ሻጭ

አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ውስጥ የሬፕታይል ኤክስፖ፣ ማለትም የእባብና የመሳሰሉት እንስሳት ሽያጭ ትርኢት ሲካሄድ፣ ከአዳራሹ በር ራቅ ብሎ አንዲት ሴት ትንሽ ጠረጴዛ ይዛ ትቀመጣለች። የምትሸጠው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ የመርዝ ጥርሳቸው ከአፋቸው ኋላ የሆነ እባቦች። እንስሶቹን የምታረባው መኖሪያ ቤቷ ውስጥ ስለሆነ ስሟን እንዳላወጣ አደራ ብላኛለች። ከእሷ ከገዛሁ 14 ወር ሞላኝ። አሁን ስለ እሷም፣ ስለ እባቧም አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ከእሷ በፊት ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ዌስተርን ሆግኖዝ የምትባል አንዲት እባብ ገዝቼ ነበር። ማስታወቂያው «ሄት አልቢኖ» ይላል። እባቧ ራሷ አልቢኖ አይደለችም፣ ጂኑን ግን ተሸክማለች ማለት ነው። ለዚያች ቃል ብቻ 100 ዶላር ጨመርኩ። የወላጆቿን ፎቶ ጠየቅሁት። «እልክልሃለሁ» አለኝ፤ አልላከም። ሳጥኑን ስከፍት አከርካሪዋ በቆዳዋ ላይ ይቆጠራል። አይጥ ባቀርብላት እምቢ አለች። የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ አልተረፈችም። በስድስተኛው ሳምንት ሞተች። ሻጩም ስልኬን ማንሳት አቆመ። ሌሊት ከሥራ ስገባ ባዶውን ሳጥን ማየት ስለከበደኝ ማሞቂያውን ነቅዬ ሁሉንም ጋራዥ ከተትኩት።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ የሴትዮዋ ጠረጴዛ ጋ የደረስኩት በጥርጣሬ ነበር። «ትበላለች?» አልኳት አንዷን እያሳየሁ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ካርድ አዞረችልኝ። የተፈለፈለችበት ቀን፣ የአባትና የእናቷ ዓይነት፣ ክብደቷ በየሳምንቱ፣ የበላችበት ቀን ሁሉ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሁለት ቦታ ላይ «አልበላችም» ይላል። ያመንኳት እዚያ ጋ ነው። ያልበላችበትን ቀን የሚጽፍ ሻጭ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለሆግኖዝ አልነበረም። ዓይኔ ያረፈው ፎልስ ወተር ኮብራው ላይ ነው። የደቡብ አሜሪካ ረግረጋማ አገር እባብ ነው፤ ቦሊቪያ፣ ብራዚል፣ ፓራጓይ። ከ2 ሜትር በላይ ያድጋል። ሲቆጣ እንደ ኮብራ አንገቱን ጠፍጣፋ ያደርጋል። እዚያ ያለው ገና ጎረምሳ ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ ሆኖ እኔን ከራስ እስከ እግር ያየኛል። ቡናማው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዓይኑ ትልቅ። ገንዘቤን ይዤ ነበር።

እሷ ግን ጥያቄ ጀመረች። ስንት ዓመት እባብ ይዘሃል? ቤት ውስጥ ማን አለ? ልጅ አለ? ሆስፒታል ስንት ደቂቃ ይርቅሃል? አከራይህ ያውቃል? ከተማህ ይፈቅዳል? መልሴን ሰማችና «ይሄን አልሸጥልህም» አለችኝ። ቁጣም ንቀትም የለበትም፤ እናት ለልጇ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። «በሆግኖዝ ጀምር። የሁለት ዓመት ደብተር ይዘህ ና፣ ያኔ እንነጋገራለን።» በዚያ ቀን ከእኔ የምታገኘውን ጥሩ ገንዘብ ትታ ነው ይህን ያለችው።

ለምን እንደከለከለችኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። እነዚህ እባቦች እንደ እፉኝት መርፌ የመሰለ ባዶ ጥርስ ከፊት የላቸውም። ከላይኛው መንጋጋ ኋላ ረዘም ያሉ ጥርሶች አሏቸው፤ ዱቨርኖይ ከሚባለው እጢ የሚወጣው መርዝ በእነሱ በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ስለዚህ ነክሶ ወዲያው የሚለቅ እባብና ይዞ የሚያኝክ እባብ አንድ አይደሉም። የሆግኖዝ ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ እብጠትና ማሳከክ ነው። ያም ሆኖ በ2019 አንዲት ወጣት ቤቷ ውስጥ በምታሳድገው ሆግኖዝ ተነክሳ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የሚባለው የደሟ ክፍል እንደወረደ ሐኪሞች ጽፈዋል።

«የኋላ ጥርስ ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የካርል ሽሚትን ታሪክ ንገሩት። ቺካጎ የነበረ ስመ ጥር የእባብ ተመራማሪ ነው። በ1957 ቡምስላንግ የሚባል አንድ ትንሽ እባብ አውራ ጣቱን ነከሰው። የሚሰማውን ሁሉ በማስታወሻው እየመዘገበ ቆይቶ በማግስቱ ሞተ። ቡምስላንግም መርዝ ጥርሱ ከኋላ ነው። አገራችን ውስጥም ይኖራል፣ ዛፍ ላይ። ሴትዮዋ ቡምስላንግ አትይዝም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ወሬውን እዚያው ነው የምትቆርጠው።

እኔ የገዛኋት አክሳንቲክ አናኮንዳ የምትባል ሴት ሆግኖዝ ናት። 325 ዶላር። አናኮንዳ ሲባል ከትልቁ እባብ ጋር ዝምድና የለውም፤ የጀርባ ነጠብጣብ የሚቀንሰው ጂን ስም ነው። ከሁለቱም ወላጅ ከመጣ ጀርባው ጭራሽ ልሙጥ ይሆናል፣ ሱፐርኮንዳ ይሉታል። አክሳንቲክ ደግሞ ቀይና ቢጫ ቀለም የሌለው ነው፤ የሚቀረው ግራጫ፣ ጥቁርና ነጭ። ይህኛው እንዲታይ ከእናትም ከአባትም መምጣት አለበት። የእባብ ልጅ እባብ ነው፣ የቀለሙ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሁለቱም ተሸካሚ ብቻ ከሆኑ ከእያንዳንዱ እንቁላል ቀለሙ የመውጣት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ካርዱ ላይ የወላጆች ዓይነት መጻፉ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። ያ የመጀመሪያው ሻጭ የሸጠልኝ ባዶ ቃል ነበር።

የዚያኑ ቀን አልሰጠችኝም። እባቧ የበላችው ሰባት ጊዜ ነው፣ የእሷ ሕግ ደግሞ አሥር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄጄ ወሰድኩ። እስከዚያ በበላች ቁጥር ቪዲዮ ትልክልኝ ነበር።

ስሟን አመዴ አልኳት፣ ከቀለሟ የተነሳ። አፍንጫዋ እንደ አሳማ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው። በዱር ጉርጥ ፍለጋ አፈር የምትቆፍርበት ነው። ዘመዶቿ ከእኛ ቤት በስተ ምሥራቅ ባለው የኮሎራዶ ሜዳ ላይ ይኖራሉ፤ በቀለም ግን እንደ አፈሩ ቡናማ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑን ስከፍት አንገቷን አስፍታ ታፏጫለች። ከዚያ አፏን ሳትከፍት በአፍንጫዋ ትገፋኛለች። አንዴም በጥርሷ አልነካችኝም። አሁን ከ10 ሳንቲ ሜትር የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ሥር መጀመሪያ አፍንጫዋ ብቻ ብቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጥቁር ዓይን። ከሥራ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ የማያት ያንን ነው።

ሴትዮዋ የነገረችኝ ሁሉ ሠርቷል። አንዱ ጥግ 32 ዲግሪ፣ ሌላው ጥግ 24 አካባቢ፣ ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) እንዳይሰካ። አይጡ ቀዝቅዞ የተገዛ፣ በሞቀ ውሃ የለዘበ፣ በረጅም ወረንጦ የሚቀርብ እንጂ በጣት አይደለም። አይጥ የነካ እጅ ታጥቦ ነው እባብ የሚነካው፤ እባብ የነካ እጅም ታጥቦ ነው እንጀራ የሚቆርሰው፣ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ አለና። ነክሳ አልለቅም ካለች እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር እንዳደርግ መክራኛለች፤ እስካሁን አላስፈለገም።

የማልወድላት ነገርም አለ። ካርድ አትቀበልም፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። መልእክት ከላኩላት ሦስት አራት ቀን ትቆያለች። አመዴ በክረምቱ ለአምስት ሳምንት ምግብ እምቢ ስትል ያ መዘግየት በጣም አስጨንቆኛል፤ የፊተኛዋ ሞት ትዝ እያለኝ እንቅልፍ አጣሁ። መልሷ ሲመጣ ግን ረጅምና ጥንቁቅ ነበር። ሙቀቱን ለካ፣ በየሳምንቱ መዝን፣ ክብደቷ ካልወረደ አታስገድዳት አለችኝ። ክብደቷ አልወረደም። በስድስተኛው ሳምንት አይጡን ከቱና ቆርቆሮ ውሃ ነክሬ ባቀርብላት ከወረንጦው ቀማችኝ።

እማዬ ከደብረ ብርሃን በቪዲዮ ስትደውል መጀመሪያ ላይ «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?» ብላ ስልኩን ዘግታብኝ ነበር። አልተቀየምኳትም፤ እሷ የምታውቀው እባብ ከሣር ክዳን የሚወድቅ፣ ልጅ የሚነድፍ ነው። ባለፈው እሑድ ግን «ያቺ አመዳም እንዴት ናት? በላች?» አለችኝ። ደብተሩን ወደ ካሜራው አስጠግቼ አሳየኋት። ከ70 በላይ መስመር ሞልቷል። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ 10 ወር ቀርቶኛል። የመጨረሻው መስመር የሐሙስ ነው፦ 1 አይጥ፣ በላች፣ 110 ግራም።