ድድ ስር የተደበቀ ኢምፕላንት መፈለጊያ፦ ለወራት ተጠቅሜበት ያየሁት

ድድ ስር ያለ ኢምፕላንትን፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከለውን ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ የሚፈልገውን መሣሪያ ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። ልግዛ አልግዛ እያላችሁ ለምታመነቱ የጥርስ ሐኪሞች ያየሁትን ልንገራችሁ።

እስክሪብቶ የሚያክል ነገር ነው። ጫፉ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ብረት ሲጠጋው መስኩ ይረበሽና ይጮሃል። ብዙዎቹ ኢምፕላንቶች የሚሠሩበትን ቲታኒየም ማግኔት ባይስበውም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ያገኘዋል። ዚርኮኒያ ከሚባለው ሴራሚክ የተሠራውን ግን ጨርሶ አያውቀውም።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የቁስሉ መጠን ነው። ኢምፕላንቱ ከአጥንት ጋር እስኪዋሐድ፣ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ድዱ ከላዩ ተዘግቶ ይቆያል፤ ከዚያ ጥርሱን ለመግጠም መልሶ መክፈት ያስፈልጋል። ድሮ ራጁን አይቼ፣ አደንዝዤ፣ በቀጭን ሹል መሣሪያ ድዱን እየወጋሁ ከቨር ስክሩን (የኢምፕላንቱን መክደኛ ብሎን) እፈልግ ነበር፤ አልገኝ ካለ ደግሞ ድዱን ሰፋ አድርጎ መክፈትና መልሶ መስፋት ነው። ተራው ራጅ ከፊትና ከኋላው ጥርስ ያለውን ርቀት እንጂ ወደ ጉንጭ ይሁን ወደ ምላስ ማዘንበሉን አያሳይም። አሁን ድምፁ የሚበረታበት ላይ ምልክት አደርግና እዚያችው ጋ ብቻ እከፍታለሁ። ብዙ ጊዜ ስፌት የለም። ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ታካሚዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቦታው ተገኘ ብላችሁ ግን ወዲያው ፓንች አታንሱ፣ እባካችሁ። ፓንች ድዱን በክብ ቆርጦ ያወጣዋል። ጠንካራው ድድ ከመጀመሪያውም ጠባብ ከሆነ፣ የቀረችውን ማንሳት ማለት ታካሚው ሲቦርሽ እንዲያመው፣ ስላመመውም በደንብ እንዳያጸዳ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን በምላጭ ትንሽ እሰነጥቅና ድዱን ወደ ጉንጭ በኩል እገፋዋለሁ። ይህን የሚወስነው ዓይናችሁ ነው፤ መሣሪያው አይነግራችሁም።

የሚያናድደኝ ጎኑ ሌላ ነው። አጠገቡ የብረት ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ወይም አማልጋም (ከብረት ቅይጥ የተሠራ የጥርስ ሙሌት) ካለ ለሱም ይጮሃል። ሁለት ኢምፕላንቶች ሲቀራረቡም ድምፁ ይምታታል፤ ያኔ ቀስ ብሎ ከተለያየ አቅጣጫ መመላለስ ያስፈልጋል። ስክሩ ላይ አጥንት አድጎበት እንደሆነም አያሳውቅም፣ ስለዚህ ራጅ ማንሳቱን አልተውኩም።

ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉ ተነቅሎ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ መግባት ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የእኔ ይገባል። በፕላስቲክ ሽፋን ብቻ የሚሠሩም አሉ፤ ድዱ ከተከፈተ በኋላ ደግሜ ላረጋግጥ ስል ግን ሽፋን ብቻውን አይበቃኝም።