ቋሚ ቀን ወይስ ተለዋዋጭ? ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ ለሚመላለሱ ሠራተኞች

ሠራተኛው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ይገባል፣ ሌላውን ቤቱ ይሠራል እንበል። ቀኑን ማን ይወስን?

ድርጅቱ ከወሰነ፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ስብሰባውም ፊርማና ማኅተም የሚፈልገው ወረቀትም እዚያ ላይ ይሰበሰባል። ሰርቪስ መመደብም ይቀላል። ረቡዕ ኮዬ ላይ መብራት ከጠፋ ግን የሥራው ቀን ባከነ ማለት ነው።

ሠራተኛው ከመረጠ፣ መብራት ሲጠፋ ቢሮ መግባት ይችላል። በወረቀት ላይ ያምራል፤ መብራቱ 3 ሰዓት ላይ ቢጠፋ ግን ታክሲ ተሰልፎ እስኪደርስ ምሳ ሰዓት ይቀርባል። ወንበር በቅድሚያ ካልተያዘ ደግሞ አንድ ቀን ቢሮው ይጨናነቃል፣ ዓርብ ጭር ይላል። የቀጣዩ ሳምንት ቀን እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት በጋራ ሰንጠረዥ ይሞላ።

በሁለቱም መንገድ ቤት እየተሠራ መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠፋው የኢንተርኔት ራውተሩ ነው፤ ላፕቶፑማ ባትሪ አለው። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር የተጻፈበት ራውተር ቢበዛ 12 ዋት ይወስዳል። ባለ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ ብክነቱ ተቀንሶ 5 ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። 5ቱን ቮልት ወደ 12 የሚያሳድግ ገመድና 3 አምፔር የሚሰጥ መውጫ ያስፈልጋል፤ መውጫው 2 ብቻ ከሆነ ራውተሩ ሥራ ሲበዛበት እየጠፋ ይነሳል።

የእኛ ምርጫ ቅይጡ ነው፦ ማክሰኞ ለሁሉም ቋሚ፣ ሁለተኛው ቀን የሠራተኛው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያስቀመጠው የቀን 8 ሰዓት ገደብም በስምምነቱ ላይ ይጻፍ፤ ቤት ነው ተብሎ ማታ 3 ሰዓት የሚደውል አለቃ አይጠፋም።