የልጄን ቀለብ ላስከበረችልኝ ጠበቃ

ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ሰሞኑን የልጄ ቀለብ ለ6ኛ ጊዜ ቀኑን ሳያሳልፍ ሲገባ፣ ዛሬስ ልጻፈው አልኩ።

ከልጄ አባት ጋር ሳንፈራረም ነው አብረን የኖርነው። ስንለያይም ጉዳዩን በሽማግሌ ጨረስነው። በወር 3,000 ብር ሊሰጥ ተስማማና ወረቀት ላይ ፈረምን። አራት ወር ሰጠ። ከዚያ ግማሹን። ከዚያ «ደሞዝ ዘገየ»። ከዚያ ስልክም ማንሳት ተወ። ሽማግሌዎቹ ጋር ስደውል መልሳቸው «ታገሺ» ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ምሳ ዕቃ ታገሺ ሲሉት አይሞላም።

አንዲት ጎረቤቴ ወደ ኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ላከችኝ። በነጻ ነው ስትለኝ አላመንኳትም ነበር። እውነትም ለጥብቅና አንድ ብር አልከፈልኩም። የያዘችልኝ ጠበቃ ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ እህቴ እላታለሁ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ካቋረጠ ስንት ጊዜው ነው?» ብላ ነው። ሁለት ወር አለፈው ስላት ወዲያው መጻፍ ጀመረች። ለካ በቤተሰብ ሕጉ የተጠራቀመ ቀለብ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል፤ ለኑሮ የግድ እንደሚያስፈልግ ካላስረዳሽ በስተቀር። እኔ እኮ በዓሉ ይለፍ እያልኩ ነበር! እባካችሁ ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የሽማግሌው ወረቀት ብቻውን ደሞዝ አያስቆርጥም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል አለችኝ። ግን ወረቀቱን አልጣለችውም። ይህን ያህል እችላለሁ ብሎ የፈረመው ራሱ ነውና ማስረጃ አደረገችው። ቀለብ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ስለሆነ የቤት ሥራም ሰጠችኝ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የክሊኒክ ደረሰኝ ሰበሰብኩ። በቴሌብር የላከልኝንም አንድ በአንድ አሳተምኩ። ዛሬ መሥሪያ ቤቱ በችሎቱ ትእዛዝ ከደሞዙ ቆርጦ በቀጥታ ያስገባልኛል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ስለተቆጣችኝ ነው። በንዴት «ካልከፈለ ልጄን አያያትም» ያልኩ ቀን፣ «ቀለቡም የልጅቷ ነው፣ አባቷን ማየትም የልጅቷ ነው። አንዱን ለሌላው መያዣ አታድርጊው» አለችኝ። ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይወስዳታል፤ እሷም ዓርብ ማታ ልብሷን አዘጋጅታ ነው የምትተኛው።

ቀለብ የተቋረጠባችሁ፣ ጠበቃ ለመያዝ አቅም ያነሳችሁ እህቶች፣ ወደ ማኅበሩ ሂዱ። የልጁን የልደት ሰርተፍኬት፣ የተስማማችሁበትን ወረቀት፣ ገንዘብ የገባበትን ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የሄድኩ ቀን ወረፋ ስለነበር በጠዋት ብትደርሱ ይሻላል።

እህቴ፣ አንድ የቀጠሮ ቀን ልጄን የምተውበት አጥቼ ይዣት ስመጣ፣ ከቦርሳሽ ወረቀትና እስክርቢቶ አውጥተሽ ሰጥተሻት ነበር። ያን ቀን የሳለችው አንቺን ነው። እስካሁን ግድግዳችን ላይ አለሽ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።