ባንድካምፕ፦ ሱቁ ጥሩ ነው፣ የኢሜይል ዝርዝሩን ግን አውርዱት

ሙዚቃን በቀጥታ ለአድማጭ ለመሸጥ ከባንድካምፕ የተሻለ መድረክ ለማግኘት ይከብዳል። ማስተሩም (ዋናው ቅጂም) የቅጂ መብቱም ከሙዚቀኛው እጅ አይወጣም፤ ያንኑ አልበም ሌላ ቦታ መሸጥም አይከለከልም። መክፈቻ ክፍያ የለውም። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላና ከቲሸርት 10 በመቶ ይወስዳል፤ የ12 ወር ሽያጭ 5,000 ዶላር ሲደርስ የዲጂታሉም ወደ 10 ይወርዳል። እንደ ፔይፓል ያለው የክፍያ አስተላላፊ ኮሚሽን ለብቻው ነው። ስለዚህ ከ10 ዶላር አልበም 8 ዶላር አካባቢ ይተርፋል። ነጠላ ትራክ በ1 ዶላር መሸጥ ግን ብዙም አያዋጣም፤ አስተላላፊው በየግብይቱ የሚቆርጠው ቋሚ ሳንቲም ይበላዋል።

ጀማሪን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ፦ አልበም ተሽጦ ገንዘቡ ጭራሽ ሳይገባ ይቀራል። ስህተት አይደለም። ባንድካምፕ ድርሻውን እንደ ዕዳ ይመዘግብና፣ ዕዳው የአንድ ሽያጭ ዋጋ ሲሞላ ያንን ሽያጭ እንዳለ ይወስዳል። በ10 ዶላር አልበም ላይ በየሽያጩ 1.50 ስለሚጠራቀም፣ ከሰባት አንዱ ገደማ ወደ እነሱ ይሄዳል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አሠራሩ ግን ግራ ያጋባል።

የሚጫነው ፋይል የድምፁን ጥራት ከማይቀንሱት ዓይነቶች ከዋቭ፣ ከኤአይኤፍኤፍ ወይም ከፍላክ አንዱ መሆን አለበት፤ በነጻው አካውንት አንድ ትራክ ከ291 ሜጋባይት አይበልጥም። ፋይሉን ለማሳነስ ድምፅ የሚቀንሰውን ኤምፒ3 ወደ ዋቭ ቀይሮ መጫን ሲስተሙን ያታልላል እንጂ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም፤ ፍላክ ብሎ ያወረደው ገዢ ያንኑ ጎዶሎ ድምፅ ነው የሚያገኘው። ሽፋኑ ቢያንስ 1400 በ1400 ፒክስል ይሁን። ዋጋ ሲተመን ዝቅተኛውን አስገብቶ፣ ከዚያ በላይ መክፈል ለሚፈልግ አድማጭ ምርጫውን ክፍት መተው ይሻላል፤ ጨምሮ የሚከፍል ሞልቷል። ባንድካምፕ ድርሻውን የሚተውባቸው፣ በ2020 የተጀመሩት ዓርቦችም አሉ፤ አዲስ ሥራ ለእነሱ ቢቆይ ያዋጣል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ኢሜይሉ ነው። ከሙዚቀኛው መስማት እንደሚፈልጉ የፈቀዱ ገዢዎችን አድራሻ አውርዶ መያዝ ይቻላል፤ እንደ ስፖቲፋይ ያሉ የዥረት መድረኮች ይህን አይሰጡም። በየወሩ ይውረድ። ድርጅቱ በ2022 ለጌም አምራቹ ኤፒክ ጌምስ፣ በ2023 ደግሞ ለሙዚቃ ፈቃድ ሻጩ ሶንግትራደር ተሽጦ ግማሽ ያህል ሠራተኛው ተሰናብቷል፤ ቀጣዩ ባለቤት ደንቡን እንደማይቀይር ዋስትና የለም።

ጉድለቱ፦ ሥራውን ወደ ስፖቲፋይ አያደርስም፤ ለዚያ ሌላ አከፋፋይ ያስፈልጋል። ክፍያው በፔይፓል ስለሚያልፍም፣ ፔይፓል ገንዘብ መቀበል በማይፈቅድበት አገር ላለ ሙዚቀኛ ሱቁ ቢከፈትም ገንዘቡ አይደርሰውም።